የዲኤክሷ መስታወት ማዞሪያ

ሳጥኔ ውስጥ አንዲት የመኪና መስታወት ማዞሪያ አለች። ጥቁር ናት፣ መያዣዋ ተሰንጥቋል። ያያት ሰው ሁሉ «ይቺን ምን ታደርግልሃለች? ጣላት» ይለኛል። አልጥላትም። ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ትንሽ ሞቅ ሲላት የሰም ሽታ ይወጣታል፤ ይኸ ሁሉ ዘመን አልፎ እንኳ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እኔ በረንዳ ላይ የተጎለትኩ ሽማግሌ አይደለሁም። በብልባላ መንገድ አቧራ እያጨስኩ የምበር ጎረምሳ ነኝ።

እንደማወራው ነው የምጽፍልህ፤ ካላማረህ ተወው።

ደርግ የወደቀ ሰሞን ነው። እዚህ ላሊበላ አንድ ባለሆቴል ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ ገዝቶ መጣ። ያኔ በከተማችን የጭነት መኪናና ላንድሮቨር እንጂ የቤት መኪና የሚባል እምብዛም አይታይም። ሰዉ ዙሪያዋን ከቦ ሳቀ። «ይቺ ሆዷ መሬት የሚልስ ነገር ያንን ድንጋይ ልትወጣው ነው?» ተባለ። እኔ መንዳት ወታደር ቤት የተማርኩ ነኝና ሹፌሯ ሆንኩ። ወጣችው። ቀስ ብላ፣ እየተንቋቋች፣ ግን ወጣችው። ፀሐይ ሲያገኛት የመቀመጫዋ ላስቲክ ይሸታል፤ ጠዋት ስትነሳ እንደ አዛውንት ትስላለች፤ በሯ ሲዘጋ «ጠብ» የሚል ድምፅ ነበረው። ዛሬም ያንን ድምፅ ከሩቅ ለይቼ አውቀዋለሁ።

ወልድያ አንድ መካኒክ ነበረ። እሱ ነው የመኪናዋን ዘር የነገረኝ። መኪና እንደ ሰው ዘር የሚቆጥር ሰው ነበር። «የመጀመሪያዋ ኮሮላ ቅድመ አያቷ ናት፤ ከዚያ አያቷ፣ ከዚያ እናቷ፤ ይቺ ያንተዋ አራተኛ ናት። ልጇም ተወልዳለች፤ የልጅ ልጇም በመንገድ ላይ ናት» ይለኛል፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ዕቃ ሲፈልግላት ከአሮጌ ብረት ክምር ውስጥ አንዱን ያነሳና «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ይለዋል። ከገባ «ዘመድ ነው» ይላል። አልገባ ካለው «ባዳ!» ብሎ ይወረውረዋል። እኔ በሳቅ እሞታለሁ። ያ ነገር አንድ ቀን በራሴ ላይ እንደሚዞር የት አውቄ።

አሁን ስለ ጧፍ ሻጯ ልንገርህ።

ከቤተ ክርስቲያኖቹ አጠገብ ከእናቷ ጋር ጧፍ የምትሸጥ ልጅ ነበረች። ጣቶቿ በሰም ቢጫ ናቸው። የይምርሐነ ክርስቶስ ንግሥ ሲደርስ ጧፏን በቅርጫት ሞልታ እስከ ብልባላ በእኔ መኪና ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ በአህያ ነው። መጀመሪያ ከጎኔ የተሳፈረች ቀን ሙቀቱ አስጨነቃት፤ ጧፉም መቅለጥ ጀመረ። መስታወቱን ልታወርድ ማዞሪያዋን ስታዞር ተነቅላ እጇ ላይ ቀረች። አየቻት፣ አየችኝ።

«ይቺ መኪናህ ከአህያዬ በምን ትበልጣለች?» አለችኝ። «የእኔ አህያ እንኳ ጆሮዋ አይነቀልም።»

«ገና አልለመደችሽማ» አልኳት።

«ማን? እሷ ወይስ ባለቤቷ?»

መልሴን አልጠበቀችም፤ ከቅርጫቷ ቁራጭ ሰም አንስታ በመዳፏ አሸችው፣ የጧፍ ክር ጠመዘዘችበት፣ የተበላውን የማዞሪያዋን ቀዳዳ ሞላችውና መልሳ ሰካቻት። «በል አሁን ገፋ አድርገህ አዙረው። ካልገፋኸው አይሰማህም» አለች። ገፋ አድርጌ አዞርኩ። መስታወቱ ወረደ። የገብሱ ማሳ ሽታ ዘው ብሎ ገባ።

ከዚያ ወዲያ የዚያን በር መስታወት ከእሷና ከእኔ በቀር በወጉ የሚያወርደው ጠፋ። ሰሙ በደረቀ ቁጥር እየመጣች ትሞላዋለች። አንዳንዴ ሳይደርቅም ትመጣለች።

ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ሽማግሌዎቹን በደስታ ተቀበሉ፤ ጠላ ተቀዳ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ኋላ «ዘር እንቁጠርና ይለቅ» ተባለ። ወጋችንን ታውቃለህ፤ ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም። የእኔን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ይዘው ወጡ፤ የእሷንም እንዲሁ ይዘው ወጡ። ስድስተኛው ቤት ላይ አንድ ሰውዬ ቆሞ አገኙት። የሁለታችንም ዘር የሚገናኘው እሱ ላይ ነው።

እኔ ሄጄ አባቷ ፊት ቆምኩ።

«አንድ ቤት ጎደላችሁ፣ ልጄ» አሉኝ። እውነት አዝነው ነበር።

«አንድ ቤት ምን አላት፣ አባቴ? አንድ ሙት ጨምሩበትና ትሙላ!»

«የሞተ ሰው ከየት አምጥቼ ልውለድልህ?» አሉ። «እግዜር ያላለው ነው። ከዛሬ ወዲያ ወንድሟ ነህ። እህቴ በላት።»

«ሞቼ ነው!» ብዬ በሩን ለቅቄ ወጣሁ።

የንስሐ አባቴ መጡ፤ አልሰማሁም። የገዛ እናቴ «እህትህ ናት፣ እህቴ ብለህ ሰላም በላት» ብላ ለመነችኝ፤ አሻፈረኝ አልኩ። ሰው ከእሷ ሊያርቀኝ ነው የሚፈልገው እንጂ ቆጠራው ስህተት ነው ብዬ ያዝኩ። ስነዳ፣ ስበላ፣ ጎማ ስቀይር እቆጥራለሁ። ከአባቴ ጀምሬ ሽቅብ፣ ከአባቷ ጀምሬ ሽቅብ። አንድ የተዘለለ ሰው ባገኝ ብዬ። ዘሩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት። የተዘለለ ሰው አልነበረም። እሷም መሳፈር ተወች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ዝቅ ታደርጋለች።

በዓመቱ ጥር ላይ መቄት፣ ፍላቂት ላለ ገብስ ነጋዴ ተዳረች። ሙሽራ መውሰጃ መኪና በከተማው እሷው ዲኤክሷ ናት። ለባለሆቴሉ «አልነዳም» አልኩት። «ተው፤ ሌላ ሹፌር አለ» አለኝ። ሌላ ሹፌር! የዚያችን መኪና ፍሬን መቼ እንደሚረገጥና መቼ እንደሚለመን የማያውቅ ሰው እሷን ይዞ የጋሸናን ዳገት ሊወጣ? «አምጣ ቁልፉን» አልኩት።

ሪባን አስረን ወጣን። ሙሽራውና ሙሽሪት ከኋላ፣ አንደኛው ሚዜ ከእኔ ጎን፤ አጃቢው በጭነት መኪና እየጨፈረ ይከተለናል። ሙሽራ በዚያ ቀን እንደማትናገር ታውቃለህ። ተሸፍና፣ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። በኋላ ማሳያው መስታወት የሚታየኝ ነጭ ሻሽ ብቻ ነው። እኔም ያንን መስታወት ወደ ላይ ገፋሁት።

ሚዜው ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ የዋለ ነው። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ፊቱ ገብስ መሰለ።

«መስታወቱን! ኧረ መስታወቱን!» ይላል።

እኔ ሁለቱም እጄ መሪ ላይ ነው፤ ከጎኔ ገደል ነው። ሚዜው ማዞሪያዋን ያዘና አዞራት፤ ተነቅላ እጁ ላይ ቀረች።

«ተነቀለ! ወየው፣ ሱፉ! የሰው ሱፍ ነው የለበስኩት!»

ያኔ ከኋላ፣ ከሻሹ ሥር፣ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ። «መልሰህ ስካውና ገፋ አድርገህ አዙረው። ካልገፋኸው አይሰማህም።»

ሰካ፣ ገፋ፣ አዞረ፣ ወረደ። አንገቱን አውጥቶ ሱፉን አዳነ።

«አንቺ በምን አወቅሽው?» አለ ሙሽራው።

ሚዜው ደግሞ፣ አይናገር የለ፣ መዳፉን እያየ «ሰም ነው እኮ ይኸ» አለ።

ጧፍ የምትሠራ ልጅ፣ የሰም ማዞሪያ፣ ወንደላጤ ሹፌር። ሙሽራው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ደደብም አልነበረም። «አቁም» አለኝ። አፋፉ ላይ፣ ጋሸና ሜዳ መግቢያ ላይ አቆምኩ። ብርዱ በተከፈተው መስታወት ገባ። የአጃቢው ጭፈራ ከታች ከጠመዝማዛው ይሰማል፤ እየቀረበ ነው። እነሱ ደርሰው ነገሩ ከተሰማ ሙሽራ ከመንገድ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ የዚያች ልጅ ኑሮ ምን እንደሚሆን አገሩን ለሚያውቅ አይነገርም።

«የወንድሜ መኪና ናት» አለች ሙሽሪት። «በወንድሜ መኪና ብሄድ፣ የተሰበረውን ብጠግንለት ምን አለበት?»

«ወንድሞችሽን በሙሉ አውቃቸዋለሁ» አለ ሙሽራው። ከዚያ ትከሻዬን ያዘኝ። «አንተ! ወንድሟ ነህ?»

ያቺን ቃል ነው እንግዲህ ካህን ለምኖኝ፣ እናቴ ለምናኝ፣ ሞቼ ነው ያልኩት። መሪውን እንደያዝኩ ፊቴን ወደ ሜዳው አዞርኩ። ነፋሱ ሣሩን ይደፋዋል፤ ያነሳዋል። ጭፈራው ቀረበ።

«ነኝ» አልኩ።

«ስንት ቤት?»

«ስድስት።»

«ቁጠራ!»

የመቄት ሰው ነዋ፤ በቃል አያልፍም። ጀመርኩ። አባቴን ጠራሁ። አያቴን ጠራሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ከኋላዬ ቀስ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ እሷም የራሷን ወገን ይዛ ትቆጥራለች። እኔ አንድ ስጠራ እሷ አንድ ትጠራለች። ለካ እሷም በቃሏ ይዛዋለች። ለካ እሷም ያንን ዓመት ሁሉ የተዘለለ ሰው ስትፈልግ ነው የከረመችው። አራተኛውን ጠራን። አምስተኛውን ጠራን። ስድስተኛው ላይ የሁለታችንም አፍ እኩል አንድ ስም ላይ ወደቀ። ስሙን አልነግርህም፤ ሰውዬው ያደረገኝ ይበቃዋል።

ሙሽራው ሳቀ። ሸክም የወረደለት ሰው ሳቅ ነው። «አማቼ ነሃ! ምነው ታዲያ እንደ ባዳ ተዘጋህ? ና ሳመኝ!» አለና ከኋላ አንገቴን አቅፎ ጉንጬን ሳመኝ።

«እኔንም ሳመኝ እንጂ» አለ ሚዜው።

«አንተ መጀመሪያ አፍህን ተጉመጥመጥ!» አለው ሙሽራው። አጃቢው ሲደርስ ስንሳሳቅ አገኘን።

ፍላቂት ላይ የሙሽሪት ወንድም ወንበር ተሰጠኝ። ብርንዶው ለእኔ ቀረበ። ስወጣ እሷን አስነሥተው አመጡልኝ፤ ወንድሟን ትሰናበት ብለው። ትከሻዬን ሳመችኝ። ከፀጉሯ ቅቤ ሥር ያ ሰም አልጠፋም ነበር።

«ደህና ግባ፣ ወንድም ጋሼ።»

«እህቴ» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ብቻዬን ተመለስኩ። የዚያን በር መስታወት እስከ ላሊበላ አልዘጋሁትም። ብርዱ ጆሮዬን ሲቆርጠኝ ዋለ።

ኋላ እኔም አገባሁ። ደግ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ባለሆቴሉ ዲኤክሷን ሲሸጣት ገዢው ሲፈትሻት አንዲት ማዞሪያ አጣ፤ ጠፍታ ነው አልነው። ከዚያ የዲኤክሷን ልጅ ነዳሁ፤ ከዚያም ክብ ክብ ያለችውን የልጅ ልጇን። መንገዱ እየተደለደለ፣ መኪናው እየበዛ፣ የእኔ ዓይን እየደከመ መጣ። ወልድያ ያለው መካኒክም ሞተ። «ዘመድ ነው» የሚል ጠፋ፤ አሁን ሁሉም ዕቃ በካርቶን ነው የሚመጣው።

የጧፍ ሻጯ ልጅ አደገ። ከልጅነቱ አጎቴ ይለኛል። ባለፈው ገና እናቱን ይዞ ከፍላቂት መጣ፤ ራሱ በሚነዳት ኮሮላ። አባቱ አርፏል። እሷም ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ መብራትና ጨለማ ነው የምትለየው። «ይምርሐነ ክርስቶስ ውሰዱኝ» አለች። እኔና እሷ ከኋላ ተቀመጥን።

«አጎቴ፣ ይቺ ከዚያች ከዲኤክስህ ስንተኛ ትሆናለች?» አለኝ ልጁ። መሪውን ለቅቆ በጣቱ ይቆጥራል። ዲኤክሷን አንድ ብሎ፣ እያንዳንዷን ቅርጽ እየጠራ ወጣ። «ሰባት!»

«መሪህን ያዝ» አልኩት። «ሰባት ቤት ሞላቻ። እንግዲያ ይቺና ዲኤክሷ ባዳ ናቸው።»

እሷ ነጠላዋን እስከ አገጯ ሰበሰበች። «እንኳን ሞላላቸው» አለች።

ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ውጭ ውጭ አየሁ።

ብልባላን ስናልፍ ፀሐዩ በረታ። «ሞቀኝ» አለች፤ እጇንም ወደ በሩ ሰደደች። ያ በር ማዞሪያ የለውም፤ አንዲት የምትጫን ቁልፍ ናት ያለችው። እጇ ለስላሳውን በር እየዳሰሰ ወረደ፤ ድሮ ማዞሪያዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። መዳፏን አስደገፈችና ገፋ አደረገችው። ከዚያ አዞረች፤ ባዶውን።

ልጇ ከፊት በኋላ ማሳያው አይቷት ኖሯል፤ ከእሱ በኩል ያለችውን ቁልፍ ተጫነ። መስታወቱ ወረደ። የገብሱ ሽታ ገባ።

«አየህ፣ ወንድም ጋሼ» አለችኝ ፈገግ ብላ፤ «ካልገፉት እኮ አይሰማም።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲሳሳት ሳላርም ያለፍኩ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን፣

«እውነትሽን ነው» አልኳት።