ካሊዮፒ የተሸከመችላት ልጅ

ኤቫንቲያ በግሪክ አገር በቮሎስ ከተማ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ነበረች። በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ታማ ማህፀኗ ከወጣ ወዲህ፣ እሷም ጀልባ ጠጋኙ ባሏ አፖስቶሊስም የልጅ ነገር አያነሱም ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ካሊዮፒ ቀሚስ ልታሳጥር መጣች። ዓሣ ሻጭና የሦስት ልጆች እናት ናት። ኤቫንቲያ ተንበርክካ ጠርዙን ስትለካ፣ ካሊዮፒ ከላይ ሆና፣ "እኔ ልሸከምልሽ" አለቻት።

"ምኑን?"

"ልጅሽን ነዋ! ቀሚሱንማ ለብሼዋለሁ።"

ኤቫንቲያ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጠበቃቸው አርጊሮ ግን ቸኩለው ሐኪም ቤት እንዳይሄዱ ከለከለቻቸው። "መጀመሪያ የፍርድ ቤት ፈቃድ፣ ከዚያ እርግዝና" አለች። ሐኪሞች በካሊዮፒ ማህፀን የሚያስቀምጡት ፅንስ ከባልና ሚስቱ ዘር የተገኘ እንደሆነ፣ ካሊዮፒ ያለ ክፍያ እንደምትሸከም፣ የካሊዮፒም ባል እንደተስማማ በጽሑፍ ሰፈረ። አንደኛው አንቀጽ፣ ከወላጆቹ አንዱ ቢሞት ልጁን የቀረው ይረከባል ይላል።

"ገና ሳይጸነስ ሞት ታወሪያለሽ?" አለ አፖስቶሊስ።

"ዝም ብለህ ፈርም!" አለችው አርጊሮ። እየሳቀ ፈረመ። ዳኛዋም ካሊዮፒን ማንም እንዳላስገደዳት ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ ፈቀዱ።

ካሊዮፒ በፀነሰች በስድስተኛው ወር አፖስቶሊስ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ።

ከቀብሩ በኋላ ኤቫንቲያን ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። ፈቃዱ የወጣው በሁለታቸው ስም ነው። ጥቁር እንደለበሰች አርጊሮ ዘንድ ሄደች። "ልጄን ይነጥቁኛል?"

አርጊሮ ወረቀቱን አውጥታ ያንን አንቀጽ አነበበችላት። "ማንም አይነካሽም። የልጁ እናት አንቺ ነሽ፤ አባቱም አፖስቶሊስ ነው።"

ልጅቷ በመስከረም ተወለደች። ካሊዮፒ ደክሟት እንደተኛች፣ አዋላጇ ሕፃኗን ልታስታቅፋት ስትል እጇን አነሳች። "ወደዚያ! እናቷ እዚያ ጋ ቆማ እየተንቀጠቀጠች ነው፤ እንዳትጥላት ብቻ ወንበር ስጧት።"

ከሳምንት በኋላ ሁለቱ ሴቶች የልደት መዝጋቢው ፊት ቀረቡ። ሰውየው የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አገላብጦ አነበበና፣ በእናት ቦታ ኤቫንቲያ፣ በአባት ቦታ አፖስቶሊስ ብሎ ጻፈ። ኤቫንቲያ የባሏን ስም ጣቷን አስደግፋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

መንገድ ላይ ካሊዮፒን ልታመሰግናት ጀመረች።

"ይቅርብሽ" አለች ካሊዮፒ። "ይልቅ ልጅቷን ጥላ ውስጥ አስገቢያት፤ እኔ ዳቦ ገዝቼ ልምጣ። ርቦኛል።"

ኤቫንቲያ ልጇን ታቅፋ ከመንገዱ ዳር ካለ ዛፍ ሥር ቆማ ጠበቀቻት።