ጽናት ዕድሏን ስትመዝን

በ2001 ዓ.ም. ጽናት ወልደ ጻድቅ በመሐል ሜዳ የምንጣፍ ሠሪ ሴቶች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነበረች። ሆላንድ አገር ያለ አንድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገብታ ለመማር ልቧ ከተነሣሣ ቆይቷል። ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል፤ እሷ ግን እስከ ማክሰኞ ድረስ «ይቀበሉኝ ይሆን?» እያለች ራሷን ትመዝን ነበር። የመግቢያውን ፈተና አዲስ አበባ ወርዳ ተፈትና ከ800ው 560 አምጥታለች፤ የሚገቡት ደግሞ አብዛኞቹ ከ600 በላይ ያመጡ ናቸው። የዲግሪዋ ውጤት ደህና ነው። ሁሉንም አይታ «ዕድሌ ከአሥር አንድ ቢሆን ነው» አለች።

ያም ሆኖ ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን ጽሑፏን እንዲያርሙላት የቀድሞ የእንግሊዝኛ መምህሯ ጋሽ መርስዔ ኃዘን ዘንድ ሄደች። ጡረታ ወጥተው በግ ያደልቡ ነበር። ከበራቸው ፀሐይ እየሞቁ፣ በክር የታሰረ መነጽራቸውን ሰክተው አነበቡ። «ጠንካራ ጎንሽን ግለጪ» ለሚለው አራት መስመር፣ «ደካማ ጎንሽን ግለጪ» ለሚለው ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ለንስሐ አባትሽ ነው ወይስ ለትምህርት ቤቱ?»

«ጠየቁኛ ጋሼ! ልዋሽ እንዴ?»

«ማን ዋሺ አለሽ? የሐዋርያትን ጾም መግደፍሽን ሆላንዶቹ ምን ያድርጉት?»

ሳቋ አመለጣት። ድካምሽን ተናገሪ ስትባል አንዱን መርጣ ሌላውን መደበቅ አላደገችበትም፤ በጎነቷን መዘርዘር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው።

«ያ የጠጉሩ ነገር የት አለ?» አሉ ጋሽ መርስዔ።

«የቱ?»

«ሴቶቹ የበጉን ጠጉር ሳያጥቡ ከነጉድፉ እያመጡ ምንጣፉ ሲበላሽ፣ ማን አሳመናቸው?»

«እሱማ የእነሱ ሥራ ነው። እኔ የእናቴን በጎች ጠጉር ወንዝ ወርጄ እያዩኝ አጠብኩ እንጂ ምን አደረግሁ?»

«መቶ ሃያ ሴት ያለ አንድ ቁጣ መለስሽ! እሱን ስታስቀሪ ነው የዋሸሽው። ሂጂ፣ ጽፈሽ ላኪው።»

ማክሰኞና ረቡዕ ጻፈች። ሦስቱ ገጽ ድካም ግማሽ ገጽ ሆነ፤ የጠጉሩም ታሪክ ገባ። ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ ደብረ ብርሃን ወርዳ ከኢንተርኔት ቤት ላከችው።

በስድስተኛው ሳምንት «በስልክ እናነጋግርሽ» የሚል መልስ መጣ። በቀጠሮው ቀን ከሸማኔዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ አልጣሽ መሸመኛዎቹን በሙሉ አስቆሙ።

«ዝም በሉ! ልጅቱ ከባሕር ማዶ ልትነጋገር ነው። ያስነጠሰች ወዮላት!»

ጽናት የጠጉር ጆንያ ከተከመረበት ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላብ አጥምቋት ወጣች።

«እህሳ፣ ምን አሉሽ?»

«በግንቦት እናሳውቅሻለን አሉ፣ እማማ።»

«እነሱን ተያቸው። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ጽናት ላቧን ጠረገች። «እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን… እኔን እቀበል ነበር» አለችና፣ ከአፏ በወጣው ነገር ደንግጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እማማ አልጣሽ ግን እልል አሉ።

በማግስቱ ለፓስፖርት የሚሆን ጉርድ ፎቶ ተነሣች።