በዓዲ ጓዕዳድ ሜዳ የወደቀችው የፎም አውሮፕላን

ዛሬ ጠዋት ከአስመራ የአማኑኤል እህት ደወለችልኝ። አማኑኤል አርፏል። ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ፤ እስካሁን አልተነሳሁም።

የኤርትራ ነፃነት በመጣ ሰሞን እኔና እሱ አስመራ፣ ማይ ተመናይ ሰፈር ጎረቤታሞች ነበርን። ቴሌቪዥን ታሽጎ በሚመጣበት ነጭ ፎም በሬዲዮ የምትበር አውሮፕላን ሠራን። ንድፉ የእሱ ነው፤ ሬዲዮውንና ሞተሩን አጎቱ ከጣሊያን ልኮለት ነበር። (ማስቲሽ ፎም እንደሚያቀልጥ ያወቅነው ሁለት ክንፍ ከፈጀን በኋላ ነው!)

ቤተሰቤ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ከከተማው ወጣ ወዳለው ዓዲ ጓዕዳድ ሜዳ ወሰድናት።

«ኣይፋልን፣ አይሆንም፤ ጅራቷ ከብዷል። ባትሪውን ወደ ፊት ላምጣው፤ አንድ ቀን ስጠኝ» አለኝ።

«ነገ እሄዳለሁ እኮ!» ብዬ ሬዲዮውን አስያዝኩትና ወረወርኳት። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ቆመች፣ ከዚያ ተከሰከሰች።

«ንድፍህ ነው የማይረባው» አልኩት።

«ሕራይ፣ እሺ» ብሎ ስብርባሪውን ለቀመ። በማግስቱ ሊሸኘኝ አልመጣም፤ እኔም አልጻፍኩለትም።

እህቱ ዛሬ «ስለ አውሮፕላኗ ሲያነሳ ‹ጥፋቱ የኔ ነበር› ይል ነበር» አለችኝ። የኔ ነበር እኮ! አሁን ለማን ልንገረው?

እናንተስ ይቅርታ ያልጠየቃችሁት ጓደኛ አላችሁ? በሕይወት ካለ መጀመሪያ ለእሱ ደውሉ፤ ከዚያ እዚህ ጻፉልኝ።