ግመሎች እንጦጦን የወጡ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ ሾላ ገበያ ወርጄ ሳለ ሾፌሮች መንገድ ዘግተው ሲጨቃጨቁ አገኘሁ። ወደ ደሴ የሚሄደውን አውቶቡስ ያስኬድ የነበረው ሰው ውሉን ተነጥቆ ለሌላ ተሰጥቷል አሉ። የድሮዎቹ ሾፌሮች ከአዲሱ ሰው አውቶቡስ ፊት ቆመው አናሳልፍም ብለዋል፤ መንገደኛው ጓዙንና ዶሮውን ታቅፎ ፀሐይ ላይ ቀርቷል። አንድ ጎረምሳ እጄን ይዞ ካሻገረኝ በኋላ «እማማ፣ በእርስዎ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» አለኝ። ሳቅሁ። ቤቴ እስክደርስ እንጦጦን ቀና ብዬ እያየሁ ሄድኩ።

በእኔም ጊዜ ነበር።

ያኔ ንጉሡ እንጦጦ ላይ ነበሩ። ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር ገና አልመጣም፤ ተራራው የጥድና የወይራ ነበር። እኛ ከእግሩ ሥር፣ የካ እንኖር ነበር። አባቴ ደስታ የሲራራ አለቃ ነው። ከባሕር በኩል የሚመጣውን የቤተ መንግሥት ዕቃ ግመለኞች ቆላው ጫፍ ድረስ ያደርሱታል፤ ከዚያ የአባቴ በቅሎዎች ተቀብለው ደጋውን ያወጡታል። ደግሞ ዕቃ ብቻ አልነበረም። ሐረር የዘመቱ ባሎቻቸውን ፍለጋ የሚወርዱ ሴቶች፣ መነኮሳት፣ ብቻውን መሄድ የፈራ ሁሉ ከአባቴ ጋር ይጓዝ ነበር። ደስታ ሊነሣ ነው ከተባለ በየቤቱ ለስንቅ የሚሆን ገብስ ይቆላል። አሁንም የተቆላ ገብስ ሲሸተኝ አንድ ሰው ሊሄድ የተነሣ ይመስለኛል።

እኔ በዚያ ዓመት ባሌንና የመጀመሪያ ልጄን በአንድ ክረምት ቀብሬ ወደ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ፤ ሌላ ነገር አልነበረኝም። የዚያኑ ሰሞን፣ ዕቃ ማራገፍና እንደገና መጫን ጊዜ ይፈጃል ተብሎ የቤተ መንግሥቱ ጌቶች ውሉን ሮባ ለሚባል የከረዩ ግመለኛ ሰጡት። ከቆላ ተነሥቶ እንጦጦ ድረስ በግመል እንዲያመጣ። አባቴ ይህን የሰማው ከገበያ ነው። ማንም ጠርቶ አልነገረውም።

መጋቢት ነበር፣ ዐቢይ ጾም። ግመሎቹ መጡ የሚል ወሬ ሲደርስ የአባቴ ሰዎች ዱላቸውን ይዘው ዳገቱ ላይ ካለችው ጠባብ መተላለፊያ ወጡ። አባቴ ከቤት ሲወጣ ዞር ብሎ አየኝ።

«አንቺም ነዪ። የእናትሽን ቋንቋ ታውቂያለሽ፤ ከሰውየው ጋር ታነጋግሪኛለሽ» አለኝ። እናቴ የየካ ኦሮሞ ነበረች።

ጉም ነበር። መጀመሪያ የሰማነው የእንጨት ደወል ነው። ከዚያ ከጥዶቹ መሃል፣ የሰው ራስ ሊሆን ከማይችልበት ከፍታ ላይ፣ ራሶች ብቅ አሉ። አባቴ ስለ ግመል ሲያወራልኝ ነው ያደግሁት፤ ግን እንዲህ ያለ አልመሰለኝም ነበር። ጉሙ ላይ የሚዋኙ ይመስላሉ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«መንገዱ የእኔ ነው፣ ተመለስ በይው» አለ አባቴ።

ተናገርኩ። ሮባ ረጅም፣ ሽበት የጀማመረው ሰው ነው፤ በስስ ሽርጡ ይንቀጠቀጣል። «ውሉን እኔ አልሰረቅሁም፤ ጠርተው ሰጡኝ። ጥላችሁ ከጌቶች ጋር ነው በይው» አለኝ።

ይህን ለአባቴ ስነግረው ሰዎቹ ወደፊት ተጠጉ። ግመለኞቹም በትራቸውን አነሡ። ያን ጊዜ በረዶ ወረደ። ሁላችንም ራሳችንን ሸፍነን ስንጎብጥ ከኋላ አንዲት ግመል ጮኸች፤ ጩኸቷ እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ። ስትወልድ ለነጂዎቹ ወተት እንድትሆን ያለ ጭነት የመጣች እርጉዝ ግመል ነች። ተንበርክካ ተጋደመች።

ሮባ በትሩን ጥሎ ሮጠ። «ጊዜዋ ገና ነበር! ዳገቱ ነው፣ ብርዱ ነው!»

ሁለት ቀጫጭን የግልገል እግሮች ወጥተው እዚያው ቀሩ። ሮባ ይስባል፣ እጁ ግን በብርድ ደርቆ አልጨብጥ አለው። አባቴ ጥቂት አየውና ዱላውን አስቀምጦ ከጎኑ ተንበረከከ። ባዝራ ሲያዋልድ የኖረ ሰው ነው።

«ደስታ! በዐቢይ ጾም ግመል ትነካለህ?» አለ ጓደኛው ገብሬ።

«እያዋለድኩ ነው እንጂ እየበላሁ ነው እንዴ!» አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል።

ግልገሉ በረዶው ላይ ወደቀ። አይተነፍስም። ሮባ «አፍንጫውን፣ አፍንጫውን ጥረጊ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ በነጠላዬ ጠረግሁ። አባቴ ጋቢውን አውልቆ ደረቱን ያሸው ጀመር። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ጸሎት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ለአንድ ግመል እግዚአብሔርን ለመንኩ።

ከአፍንጫው ቀጭን እንፋሎት ወጣ።

ከዚያ ከኋላዬ አንድ ጋቢ መጣ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ የሱፍ ባና። ሊደባደቡ የወጡት ሰዎች በረዶ ላይ በእጀ ጠባብ ቆመው ልብሳቸውን ያቀብላሉ። ገብሬም ጋቢውን ሰጠ፤ በማግስቱ ራጉኤል ወጥቶ ጠበል ቢያስረጨውም። ግልገሉ ለመቆም ታገለ፣ ወደቀ፣ እንደገና ሞከረ። በመጨረሻ እነዚያ የማያልቁ እግሮቹ ላይ ቆመ። እናቱ አንገቷን ዘርግታ አሸተተችው። ከሰዎቹ አንዱ አማተበ። እኔ አለቀስኩ፤ ግን እንደ ክረምቱ ዓይነት ልቅሶ አልነበረም።

ሮባና ሰዎቹ እኛ ቤት አደሩ። እሳት ዳር ሹሮና ቂጣ አቀረብኩላቸው፤ ያን ማታ እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ራበኝ። ሮባ እጁን እያሞቀ «ከብቶቼን ሁለተኛ እዚህ አላወጣም» አለኝ፤ ለአባቴ ነገርኩት። ዕቃውን ካስረከቡ በኋላ እሱና አባቴ አብረው ጌቶች ዘንድ ቀረቡ። ጌቶች ተቆጡ፣ ጥቂት አንገላቱ፣ ኋላ ግን ውሉ ተከፈለ፤ ቆላው የሮባ፣ ደጋው የአባቴ ሆነ። ሲወርዱ ግልገሉ በአባቴ በቅሎ ላይ ተጭኖ ሄደ፤ እናቱ ከኋላ አንገቷን አስግጋ ትከተላለች። የየካ ሰው ሥራውን ትቶ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ አየ።

ከዚያ ወዲህ ባቡር ሲገባ አይቻለሁ፤ አውሮፕላን ከራሴ በላይ ሲያልፍ ፈርቼ መሬት ተኝቻለሁ። ትንፋሼን እንደዚያን ቀን ይዤ ግን አላውቅም። ለሾላዎቹ ሾፌሮች ልነግራቸው አስቤ፣ መኪና አይወልድ፣ ምን ይገባቸዋል ብዬ ተውኩት። እዚያ ዳገት ላይ ከነበሩት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ነገ እኔ ስሄድ፣ ግመል እንጦጦ ላይ ወልዳ ነበር ቢባል ማን ያምናል? አየሁ የሚል ሰው እያለ ይነገር ብዬ ነው።