ቆመህ ነው ወይስ ተቀምጠህ?

ሚስቴ አርፋ መቀመጥ የማትችል ሴት ናት። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ ፊት ለፊቷም እላታለሁ። የተቀዳላትን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጠጥታው አታውቅም። ቴሌቪዥን ስናይ እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ከእግሯ ጋር ሶፋው ይንቀጠቀጣል፣ እኔም አብሬ እንቀጠቀጣለሁ። ልጃችን «አባዬ፣ የእማዬን ባትሪ አውጣላት» እያለች ትስቃለች። ነገር ግን ሲፈጥራት እንዲህ አልነበረችም። እንዲህ ያደረጋት መሥሪያ ቤቷ ነው።

መሥሪያ ቤቷ ኢንሹራንስ ነው። እሷ ስትቀጠር ድርጅቱ ማለት ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ታች ጎማ በተነፋ ቁጥር ወለሉ ይርገበገባል። ደንበኛ ሊፈርም እስክሪብቶ ሲያነሳ «አንዴ ቆይ፣ ጎማው ይሙላና» ይሉታል። ሥራ አስኪያጁን ሁሉም ሰው «ይደርሳል» ነው የሚለው። ካሳዬ መቼ ነው ላለው ሁሉ መልሱ ያቺው አንዲት ቃል ስለነበረች ነው። ደግነቱ ዘገየ እንጂ ቀርቶ አያውቅም። ሚስቴ ውል ትጽፋለች፣ ደንበኛ ሲበዛ ከጎሚስታው ወንበር ተውሳ ደረጃውን ትወጣለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአደጋ ስልኩ በእሷ እጅ ነው። ስልኩ አብሯት ቤት ይመጣል። ገላዋን ስትታጠብ ሳሙና ማስቀመጫው ላይ ይቀመጣል። የእህቴ ልጅ ሲመረቅ በተነሳነው ፎቶ ላይ ሁላችንም ካሜራውን ስናይ፣ እሷ ብቻ አንድ ጆሮዋን ይዛ ጀርባዋን ሰጥታለች።

ሥራ በጀመረች ሰሞን አንድ የዳቦ ማመላለሻ ሹፌር ደወለላት። ከኋላው ተገጭቶ ነው። ደህና ነኝ አላት፣ ታርጋውን ነገራት፣ የገጨውን ሰውዬ ከነዘር ማንዘሩ ረገመላት። እርግማኑን ሳይጨርስ ስልኩ መሬት ሲመታ ሰማች። ቆሞ ሲያወራ ራሱን ስቶ ወድቋል፤ ግጭቱ ያልነካውን ጭንቅላቱን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ፈነከተው። ሰውዬው ዳነ፤ እሷ ግን ያን ድምፅ ከጆሮዋ ማውጣት አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ ስልክ ስታነሳ ከሰላምታም በፊት የምትጠይቀው አንድ ነገር ሆነ።

«ቆመህ ነው ወይስ ተቀምጠህ?»

ቆሜ ነው ካላት «ተቀመጥ» ትለዋለች። የት ልቀመጥ ብሎ ከተከራከራት «የትም! ድንጋይ ላይ፣ መሬት ላይ፣ ሱሪህ እንደሆነ ይታጠባል።» እስኪቀመጥ ትጠብቃለች። ቀጥሎ ውሃ እንዲጎነጭ ታዘዋለች፤ ቀጥሎ ሌላ የተጎዳ ሰው ካለ ትጠይቃለች፤ የውል ቁጥርና ታርጋ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሹፌሮች ስም አወጡላት። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ስንገናኝ «ተቀመጥ ደህና ናት?» ይሉኛል። እኔም የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፤ የታሸገ ውሃ ለሱቆች አከፋፍላለሁ። መኪናዬ ኢንሹራንስ የገባችው እዚያው ነው። ሌላ ቦታ አስገብቻት ቢሆን ኖሮ ቤቴ አላድርም ነበር።

ድርጅቱ አደገ። ሊፍት ያለው ሕንፃ ላይ ወጡ። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ሆነ። የሚስቴ ጠረጴዛ አንዴ መስኮት ሥር፣ አንዴ ፎቶ ኮፒው አጠገብ፣ አንዴ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሲንከራተት ከረመ። መጀመሪያ ላይ ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ የራሷን ልጅ የዳረች ነበር የምትመስለው። ደስታው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጭንቀት ተለወጠባት። አንድ ጠዋት አዲሱ የበር ጥበቃ «ማንን ፈልገው ነው?» አላት።

«ወንበር ተሸክሜ ያሳደግኩት ቤት ነው» አለችኝ ራት ላይ፣ ሹካዋን ይዛ ሳትበላ። «ማንን ፈልገሽ ነው ይለኛል! እውነቱን እኮ ነው። ይሄ ነገር አድጎ አድጎ ጥሎኝ ሊሄድ ነው።»

ከዚያ አማካሪ የሚሉት ሰው መጣ። ቆዳው የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደረገ፣ ትሁት፣ ለሁሉም ነገር «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» የሚል ወጣት ነው። አንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ያሰሩ ልጃገረዶች በረድፍ ተደረደሩ። ስልክ የሚያነሳ ሁሉ የሚናገረውን ቃል አማካሪው ጻፈው። መጀመሪያ የውል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ካልገባ ኮምፒውተሩ አይከፍትም፤ ኮምፒውተሩ ካልከፈተ ወሬ የለም። ሥራ አስኪያጁ ይደርሳል ሚስቴን ቢሮው ጠራትና ነገሩን ሳያሽሞነሙን ነገራት። ይህን ክፍል በኃላፊነት ልትይዝ የምትችለው እሷ ናት፤ ጥሪው ቶሎ ቶሎ ካላለቀ ግን ከውጭ ሰው ያመጣል።

«ጥያቄዬስ?» ብላ አማካሪውን ጠይቃው ነበር።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እትዬ። ግን ደንበኛው ቆመም ተቀመጠ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም።»

«ታዲያ ምን አልሽው?» አልኳት።

«ምን እለዋለሁ? እሺ አልኩት።»

«እንዴት እሺ ትያለሽ? አንቺን አንቺ ያደረገሽ እኮ...»

«አንተ ምን አለብህ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ያንተ መኪና ነገ አድጋ ባቡር አትሆን! እኔ እዚያ ቤት ካልሮጥኩ እረገጣለሁ።»

ሮጠች እንግዲህ። መስታወት ፊት ቆማ አዲሱን ድምፅ ስትለማመድ አያታለሁ። ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ፈገግ ትላለች፣ አማካሪው ፈገግታ ድምፅ ላይ ይሰማል ብሏቸዋል መሰለኝ፤ ከዚያ «ጤና ይስጥልኝ፣ ስለደወሉልን እናመሰግናለን፣ የውል ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ትላለች። ደጋግማ ደጋግማ ድምፁ እንደተወለወለ ብርጭቆ ጠራላት። «እኔንም አንቱ ብለሽ ራት አቅርቢልኝ» ብዬ ስቀልድባት አልሳቀችም። ኃላፊነቱን አገኘች። የመስታወት ክፍልም ተሰጣት። ያን ሰሞን የእግሯ መንቀጥቀጥ ባሰ፤ አልጋ ላይ ሳይቀር ይሰማኝ ጀመር። ደስ ሊላት ሲገባ ለምን እንደማያስችላት እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም፤ እኔን ግን ያናድደኝ ነበር።

አደጋው የደረሰብኝ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። ከገበያው በላይ ያለውን ቁልቁለት ስወርድ አንድ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ዘሎ ፊቴ ገባ። እሱን ላድን ብዬ መሪውን ጠመዘዝኩ፤ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተሳሳምኩ። የውሃው ጠርሙስ ሁሉ ቁልቁል እየተንከባለለ ወደ ገበያው ገባ። ባለ ሦስት እግሩ ዞር ብሎም አላየኝ። በረዳቱ በር በኩል ወጣሁ። ጆሮዬ ይጮኻል፣ ከንፈሬ ተሰንጥቆ አብጧል፣ ስልኬ ወንበሩ ሥር ተጨፍልቋል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እየሮጠች መጥታ ስልኳን ሰጠችኝ። እንግዲህ የሚስቱን ስልክ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ባል ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አላውቀውም። የመኪናው የፊት መስታወት ላይ የተለጠፈውን የኢንሹራንሱን ቁጥር አይቼ ደወልኩ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ስለደወሉልን እናመሰግናለን፣ የውል ቁጥርዎን ይንገሩኝ።»

«ተጋጭቼ ነው» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ተንሻፎ ወጣ።

«አዝናለሁ ጌታዬ። የውል ቁጥርዎ?»

«ወረቀቱ መኪናው ውስጥ ነው። መሳቢያው ተጣሞ አልከፈት ብሏል።»

«ሊያወጡት ቢሞክሩልን ጥሩ ነበር። ያለ ቁጥሩ መቀጠል አልችልም።»

ደሜ ፈላ። የዚያች ልጅ ፈገግታ በስልኩ ውስጥ ሳይቀር ታየኝ።

«ስሚ እህቴ! እዚያ ቤት ድሮ አንዲት ሴት ነበረች። ቁጥር አትጠይቅም። ቆመህ ነው ወይስ ተቀምጠህ ነው የምትለው። አሁን አለቃ ሆናልሻለች። ሂጂና እሷን ጥሪልኝ!»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም። ከኋላዋ ሌሎቹ ልጆች ቁጥርዎን፣ ቁጥርዎን ሲሉ ይሰማኛል። ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ አንድ ቀጭን፣ የተሸበረ፣ ከጎሚስታው ቤት በላይ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«ቆመህ ነው?»

«ቆሜ ነው» አልኩ።

«ተቀመጥ።»

ያን ጊዜ አወቅኳት። ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ። ገና ከመቀመጤ ዓይኔ ጨለመ። ቆሜ ቢሆን ወድቄ ነበር። ሽንኩርት ሻጯ «ውይ፣ እግርህን!» ስትል ዝቅ ብዬ አየሁ። ሱሪዬ ከጉልበቴ በታች ደም ጠጥቷል። ሻርፗን ፈታ አሰረችልኝ።

እኔ መሆኔንና ያለሁበትን ነግሬያት ስለነበር ሚስቴ በታክሲ መጣች። ማዳመጫው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ገመዱ ጉልበቷ ድረስ ይወዛወዛል፤ ከነቀለችው በኋላ ማውለቁን ረስታዋለች። ገሚሶቹ ልጆች ለምሳ ሲወጡ ጥሪ ቢበዛ ከመስታወት ክፍሏ ወጥታ እሷ ራሷ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኖሯል። ጭንቅላቴን ዳሰሰች፣ ከንፈሬን አየች፣ እግሬን አየች፣ እንደገና ጭንቅላቴን ዳሰሰች።

«ድምፅህን አላወቅሁትም» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እኔም ያንቺን አላወቅሁትም።»

ላጽናናት ብዬ ነበር የተናገርኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን እውነት መሆኑ ለሁለታችንም ከበደን። ከዚያ ብድግ አለች። በተበተነው ጠርሙስ መሃል ወዲህ ወዲያ ትል ጀመር። አንዱን ታነሳለች፣ ትጥለዋለች፣ ሌላ ታነሳለች።

«ስልክ እኮ መሃል ላይ ይቋረጣል» አለች። «በየቀኑ ይቋረጣል። ደንበኛው ዘጋ ብለን ወደሚቀጥለው ነው የምናልፈው። እኔ ነኝ እንደዚያ በሉ ያልኳቸው።» ጠርሙሱን ደረቷ ላይ ያዘችው። «ስንቱን አቁሜ አናገርኩት? ስንቱ ነው ወድቆ ዘጋ ያልነው?»

ፊቷ ላይ ደም የሚባል የለም፤ እሷ ግን አሁንም ቆማ ነው የምታወራው።

«ተቀመጪ» አልኳት፤ ጠርዙ ላይ ጠጋ አልኩላት።