ዕረፍት ሂድ ተብዬ የከሳሁበት ክረምት

ሰው ዕረፍት ሄዶ ወፍሮ ይመለሳል። እኔ ዕረፍት ሂድ ተብዬ የጎድን አጥንቴ እስኪቆጠር ከስቼ ተመለስኩ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። መክሳቴ አይደለም ያናደደኝ፤ ለምን እንደከሳሁ አውቄ አለመናገሬ ነው። ውሻ ምን አፍ አለው!

ቤታችን ነገሌ ነው። አባወራው መምህር ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ትምህርቱን ለመጨረስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። እመቤቴ ደግሞ ትንሿን ልጇን ይዛ ቡሌ ሆራ እህቷ ዘንድ ትከርማለች። ሌላ ጊዜ ግቢውን የሚጠብቅ ዘመድ ይመጣና ከሱ ጋር እቀር ነበር። ያን ዓመት ዘመዱ ቀረና ጉዱ እኔ ላይ ወደቀ። የግቢውን ቁልፍ ጎረቤት ያዘው፤ እኔን የሚይዝ ግን ጠፋ። አውቶቡስ ውሻ አይጭን።

እመቤቴ ያቺን ስህተት የሠራችው ይሄኔ ነው። ከወሎ መጥታ እዚህ ስንት ዘመን ኖራለች፤ ክረምት ሲባል ግን ዛሬም የሚታያት የአገሯ ክረምት ነው፤ ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ለምለሙ ሣር። ሐምሌ በገባ ቁጥር ጃንጥላዋን ከቁም ሳጥን ታወጣለች! ኧረ በማርያም፣ እዚህ አገር ሐምሌ ደረቅ ነው። ሰማዩ ይደምናል፣ ያስመስላል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። አንዱ ዝናብ በሚያዝያ ዘንቦ ሄዷል፣ ሌላው ጥቅምት አካባቢ ነው የሚመጣው። እኔ በአፍንጫዬ የማውቀውን እሷ በትምህርቷም አላወቀችው።

ወተት የሚያመጡልን ሊበን ገጠር የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሁላችንም አዴ እንላቸዋለን፤ እንደ እማማ ማለት ነው። አንድ ጧት በር ላይ ቆመው ሳለ እመቤቴ ወጣችና፦

"አካም፣ አዴ?" ብላ በቋንቋቸው ሰላም አለቻቸው።

"ናጋ፣ ልጄ።"

"ክረምቱን ይሄን ውሻ እርስዎ ዘንድ ላቆየው አስቤ ነበር። ገጠር አሁን ወተት በወተት አይደል? ትንሽ ይረፍ፣ ይወፍር። አደራዎን!"

አዴ ቀና ብለው ሰማዩን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። በአዴ ወገኖች ዘንድ በእንግዳ ፊት "ወተት የለኝም" ማለት ትልቅ ነውር ነው። እንግዳው ባለ አራት እግር ቢሆንም፣ ለካ ያው ነው።

"እሺ። አደራሽን ተቀብያለሁ" አሉ።

ወይ ነዶ! እዚያው አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ እኔም እሳቸውም በዳንን።

በአንገቴ ገመድ ገብቶ በእግር ወጣን። መቼም ሆዴ ደስ ብሎት ነበር፣ አልዋሽም። በነሐሴ የፍልሰታ ጾም ሲገባ እኛ ቤት ሥጋም ወተትም ይቀራል። እመቤቴ ጸሎቷን ታደርሳለች፤ እኔ ደግሞ ሳልጸልይ እጾማለሁ። ገጠር ግን ማን ይጾማል፣ በወተት እዋኛለሁ እያልኩ ጅራቴን ቆልምሜ ተከተልኳቸው።

ስንደርስ በረቱ ባዶ ነው። ጠንካራ ጠንካራዎቹን ላሞች ልጃቸው ሩቅ ግጦሽ ወዳለበት ነድቷቸዋል፤ ዝናብ ካልመጣ አይመለስም። የቀረችው አንዲት አሮጌ ላም ከነጥጃዋ ናት። ጧት አዴ ሥሯ ቁጢጥ ብለው እያባበሉ እየዘፈኑ አለቧት። የወጣው የወተት ዕቃውን፣ የጮጮውን ክዳን ብትሞላ ነው። በቃ! እሱንም አምጥተው የኔ በሆነችው የተሰበረች ቅል ላይ ገለበጡልኝ። ጢስ ጢስ ይሸታል፣ ይጣፍጣል፣ ሁለት ጊዜ ስልሰው አለቀ። ሌላ ይጨምራሉ ብዬ ቁጭ አልኩ። ክዳኑን አራግፈው ገቡ።

ንፉግ! አልኩ በልቤ። ሌላውን ለማን ደብቀውት ነው? ጮጮው እኮ ትልቅ ነው። ከሰዓት ትንሽ የበቆሎ ገንፎ ይጣልልኛል፣ ከዚያ በቃ። እንዲህ እያልኩ ስነጫነጭ ሰነበትኩ።

የሚያናድደው የምግቡ ነገር ብቻ መሰላችሁ? እዚያ አገር ግመል የሚሉት ፍጥረት አለ። በደጃችን ያልፋሉ፣ እኔ ግዴታዬ ነውና እጮኻለሁ። አንዱ እንኳ አንገቱን አያዞርም! ሰው "ውሾቹም ይጮኻሉ፣ ግመሎቹም ይሄዳሉ" ብሎ ሲተርት እሰማ ነበር፤ የተረቱ ውሻ መሆን እንዴት እንደሚያበግን ግን የተረቱት ሰዎች አያውቁም። የመንደሩ ውሾች ደግሞ ከጥላ ሥር ሳይነሱ ይመለከቱኛል። ይሄ ከተሜ ምን ሆነ እንደማለት።

አንድ ቀን ገመዴ ተፈታልኝና ፈረጠጥኩ። መንገዱ ጋ ስደርስ ወደ ነገሌ የሚሄድ አይሱዙ አለፈ። አቧራውን ተከትዬ ሮጥኩ፣ ሮጥኩ። አይሱዙው ጠፋ፣ መንገዱም ተምታታብኝ፣ አንድ ግራር ሥር ወድቄ ምላሴን ዘርግቼ ቀረሁ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከሩቅ "ኮቱ! ኮቱ!" የሚል ድምፅ መጣ። ና ማለት እንደሆነ ያኔ ገብቶኛል። አዴ ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ሙቀት፣ ዱላቸውን ይዘው በእግር! መጥተው ቁጭ አሉ፣ ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ብትጠፋ ምን ብዬ እመልስላታለሁ? አደራ በላ ልታሰኘኝ ነው አንተ?" አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ አላሰሩኝም። ጭንቅላቴን በበሩ አስገባሁና የተደበቀውን ወተት ለማየት ፈለግሁ። ጮጮው ተደፍቶ ተሰቅሏል። አዴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ስኳር የሌለው ሻይ ይዘው የገንፎውን ቅሪት ያላምጣሉ። ወተት የለም። አልነበረምም። ያቺ ጧት ጧት እኔ የምልሳት ክዳን የቤቱ ወተት በሙሉ ነበረች።

ከዚያ በኋላ አልጠፋሁም። ቢሆንም ክዳን ወተት ክዳን ወተት ነው፤ እኔም ከሳሁ፣ እሳቸውም ከሱ።

ጳጉሜን ላይ አዴ መለሱኝ። እመቤቴ በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ጠቆረ።

"ምነው አዴ፣ ምን አግኝቶት ነው? አደራ ብዬዎት ነበር እኮ!"

አሁን ይናገሩ፣ አሁን! ብዬ ቀና ብዬ አየኋቸው። አዴ መሬት መሬት አዩ።

"አገሩ አልተስማማውም" አሉ፣ ቀስ ብለው።

"ወተቱስ?"

"ይጠጣ ነበር።"

እመቤቴ ከንፈሯን ነከሰች። ሲሄዱ ለጎረቤቷ፣ "ሰው አይታመን እቴ! የሱን ወተት ገበያ እያወጡ ሸጠውት ነው እንጂ ውሻ ወተት እየጠጣ እንዲህ ይሆናል?" ስትል ሰማሁ። ጮኽኩ። ዘልዬ ጮኽኩ። "ዝም በል!" አለችኝ። አልቻልኩም፣ ደገምኩት። ጫማ ወረወረችብኝ። እንቁጣጣሽ መጥቶ የዶሮ አጥንት ሲጣልልኝ እንኳ ንዴቱ አልበረደልኝም። በላሁት እርግጥ፤ ሆድ ደግሞ የራሱ ሐሳብ አለው።

ከዚያ አዴን "ለጊዜው ይበቃናል" ብላ አስቀረቻቸው። ሌላ ባለወተት ተጠራች። መጣች። በሩን ስትነካ ጥርሴን አሳየኋት፣ ሸሸች። ሌላዋ መጣች፣ እሷንም መለስኳት። "ገጠር ሄዶ ባለገ!" ይላል አባወራው። ይበል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲሉ ለስድብ ነው፤ እኔ ግን የማን በልቼ ለማን እንደምጮኽ አውቃለሁ። አሰሩኝ፤ ሰንሰለቴን እየጎተትኩ እንዲያ ስጮኽ በሩ ድረስ የሚመጣ ጠፋ። ልጅቷ ወተት አምጡ ብላ ታለቅሳለች፣ ቤቱ በቀይ ሻይ ከረመ።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ መጣ። እመቤቴ ሲመርራት ጊዜ ገበያ ሄዳ አዴን ለምና አመጣቻቸው። በሩ ላይ ሽታቸው ሲደርሰኝ መሬት ላይ ተኛሁ፣ ጅራቴ አቧራውን ይጠርገዋል። እመቤቴ አፏን ይዛ ቀረች።

አዴ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ላሞቹ ተመልሰዋል፣ ጮጮው ሞልቷል። ምንም ሳያስቡ በክዳኑ ቀዱና ሳህኔ ላይ ገለበጡልኝ። ከዚያ ክዳኑን አራገፉት፤ ልክ እንደዚያ ክረምት።

"ይሄ ምንድን ነው፣ አዴ?" አለች እመቤቴ።

"ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጧት ጧት እንዲህ ነበር የማጠጣው።"

"ታዲያ እንዲህ እያጠጡት ለምን ከሳ?"

ዘንድሮ ወተት አለ፤ ማፈሪያው አልፏል መሰለኝ፣ አዴ በመጨረሻ ተናገሩ።

"ድርቅ ነበር፣ ልጄ። ላሚቱ የምትሰጠው ይችን ክዳን ብቻ ነው።"

"ሁሉንም ለሱ? እርስዎስ?"

"እሱ አደራ ነው" አሉ። "እኔ የማንም አደራ አይደለሁም።"

ይሄንኑ ነው እኮ ስጮኽ የከረምኩት! ብዬ አንድ ጊዜ ጮኽኩ። ዝም በል የሚለኝ አልነበረም። እመቤቴ ጎንበስ ብላ ክዳኑን ከእጃቸው ወሰደች፣ ገብታ አጠበችው፣ ከጮጮው እስከ አፉ ሞላችና በሁለት እጇ ለአዴ ሰጠቻቸው። ጠጥተው እስኪጨርሱ ድረስም ከፊታቸው ፈቀቅ አላለችም።