የደረቅ እንጨት ፋቲሃ

ከሚሴ ተወልጄ፣ ከሚሴ አድጌ፣ ኮሌጅ ገብቼ ስመለስ ለአገሬ ሰው እንግዳ ሆኜ ተመለስኩ። ጥፋቱ የአገሬው አይደለም። አንገቴ ላይ መታወቂያ፣ ብብቴ ሥር ደብተር፣ አፌ ላይ ደግሞ «ዘላቂ» የምትባል ቃል ይዤ ነበር። ያቺን ቃል ሳልጠራ ውሃ እንኳ አልጠጣም። ሰው «እንዴት አደርክ?» ሲለኝ «በዘላቂነት ደህና ነኝ» ልል ምንም አይቀረኝ።

ሥራዬ ከጨፋ ሜዳ በላይ፣ ዳገቱ ላይ የተረፈችውን የወይራና የጽድ ጫካ ማዳን ነበር። መካከሏ ላይ የአንድ የጥንት ሸኽ መቃብር አለ። እርጥብ ዛፍ የቆረጠ እጁ ይደርቃል ስለሚባል፣ ከዘመን ዘመን የደፈራት የለም። እኔ ግን ደብተሬ ላይ «ጥበቃ የሌላት ጫካ» ብዬ ጻፍኩ። የዘበኛ ቤት አላየሁማ!

ዕቅዴ እንዲህ ነው። ከጫካዋ ጭራሮ እየለቀሙ ከሚሴ ወርደው የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። እንጨቱን ይተዉና ማር ያመርታሉ፣ ዘመናዊ ቀፎ ይሰጣቸዋል፣ ማሩ ባቲና ሰንበቴ ገበያ ይወጣል። ጫካዋም ሴቶቹም ይጠቀማሉ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ክፉው ባለሐሳቡ ነው።

ከሴቶቹ መካከል የሚሰማት አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ ታላቅ እህቴ የምትሆን። ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው የጀርባ ሸክም ነው። ባሏ ሳይሞት ንብ ያነብ ስለነበር ሐሳቤን ወደደችው።

«ንብማ አውቃለሁ» አለችኝ።

«አይ፣ ይሄ ዘመናዊ ነው» አልኳት። ዛሬ ሳስበው ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

በእኛ አገር ነገር የሚጸናው በፊርማ አይደለም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ የቁርኣኑ ፋቲሃ ሲቀራ ነው። ፋቲሃ የተቀራበትን ቃል ያፈረሰ፣ እርግማኑን በራሱ ላይ ጠራ ማለት ነው። ይህን ስለማውቅ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹንና የመንደራችንን ሸኽ መቃብሩ አጠገብ ሰበሰብኳቸው። እርጥብ ዛፍ በሚቆርጥ ላይ ፋቲሃ ሊቀሩ ሲሉ እጄን አወጣሁ።

«ደረቁም ይጨመርልን!»

ሸኹ ጢማቸውን ይዘው «ደረቁም?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ደረቁም።»

እርስ በርሳቸው ተያዩና «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ፋቲሃው ተቀራ። ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን አሚን አልን፤ ከሁሉ የሚጮኸው የእኔ አሚን ነበር። ሴትዮዋ የእንጨት ማሰሪያ ገመዷን ከትከሻዋ አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችና «እንግዲህ ልጆቼ አደራ» አለችኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ገመዱን ወስጄ፣ ጎብኚ እንዲያየው ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ቀፎዎቹ መጡ። ከላይ እንግዶች ሊጎበኙን ነው ሲባል አዲስ ቢጫ የዘይት ቀለም አስቀባኋቸው።

«ኧረ ንብ ሽታ አትወድም» አለች ሴትዮዋ።

«ቢጫ አበባ ትወድ የለም እንዴ?» አልኳት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለው ስለ እኔ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዶቹ መጥተው ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ንቦቹም መጥተው ዞር ዞር ብለው ሄዱ። አንድም አልገባ። ክረምት አልፎ በጋ መጣ፤ አደይ አበባው ፈንድቶ ረገፈ፤ ቀፎዎቼ እንደ ባዶ የሙዳይ ረድፍ ተደርድረው ቀሩ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ዶሮዎቿን ሸጠች፣ ከዚያ ፍየሏን፣ ከዚያ የምትሸጠው አጣች። መንገድ ላይ ባገኘኋት ቁጥር «አብሽሪ!» እላታለሁ፤ አይዞሽ ማለቴ ነው። አንድ ቀን ቆም ብላ አየችኝ።

«አብሽሪን አቡክቼ ልጋግረው?»

ደብተሬን ገልጬ ያልነበረ ነገር መፈለግ ጀመርኩ።

በዚህ መሀል ሚስቴ ሴት ልጅ ወለደችልኝ፣ አልሃምዱሊላህ። በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ የስም ማውጫዋ አቂቃ ሊወጣ ነው። ሚስቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና ትጮኻለች፦ «እነዚያን ሴቶች ምን አረግካቸው? ከተማው ውስጥ እንጨት ጠፍቷል! በምን ሊቀቀል ነው?» ዓይኔን በጨው አጥቤ ወጣሁ። በሰንበቴ መንገድ ላይ ከማላውቀው ሰው አንድ የአህያ ጭነት ወይራ ገዛሁ። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩም። እኔ ድፍረት የነበረኝ ሸካሚ ሴቶችን ለመጠየቅ ብቻ ነበር።

የአቂቃው ቀን ሽማግሌዎቹ ከቤቴ ፊት ለፊት ዳስ ውስጥ ተቀመጡ። ሴቶች ሊያግዙ መጡ፤ እሷም መጣች። እንጀራዋን ከአፏ የነጠቅኳት ሴት፣ ልጅ ተወለደለት ብላ ልትሠራልኝ መጣች! ወይራው እርጥብ ስለሆነ አልነድ አለ፤ ጓሮው ጭስ በጭስ ሆነ። አንዱን ወፍራም ግንድ ልፈልጥ ሳነሣው እጇን ጣል አደረገችበት።

«ቆይ» አለች።

ግንዱ ላይ ዙሪያውን የዞረ ጎድጓዳ ጠባሳ ነበር። በጣቷ ዳሰሰችው። «የባሌ ገመድ ጠባሳ ነው። ቀፎውን ሰቅሎበት የኖረው ዛፍ ነው» አለች። ከእኔ በቀር የሰማት አልነበረም።

«አላወቅኩም» አልኩ።

«አታውቅማ። እኔ ልጆቼ ጦማቸውን እያደሩ ደረቁን እንኳ አልነካሁም። ጫካው ሰው እንደሌለበት ሲያዩ ነዋ ከሌላ አገር መጥተው የቆረጡት።»

ያን ጊዜ ሸኹ ከዳሱ ሆነው «ምንድነው ይሄ ሁሉ ጭስ?» ሲሉ ተሰማ። አሁን ታጋልጠኛለች ብዬ ክው አልኩ። እሷ ግን ግንዱን ከእጄ ወስዳ፣ ጠባሳውን ወደ ውስጥ አዙራ እሳቱ ውስጥ ከተተችውና «አብሽሩ አባባ፣ ይነዳል!» ብላ መለሰች። ወላሂ፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እንባዬ መጣ፤ በጭሱ ላሳብብ ብዬ ነበር፣ ግን ለራሴም አልዋጥልህ አለኝ።

ምግቡ ሳይቀርብ ዳሱ መሀል ቆምኩ። የተቀራውን ፋቲሃ ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ የሚነደውም የጫካችን ወይራ ነው፣ ደረቁንም አስገቡ ያልኩት ጥጋብ ይዞኝ ነው አልኩ።

«ደረቅ እንጨት የጫካ ዘካ ነው፤ ለድሃ የወጣ ነው» አሉ ሸኹ። «ለቃሚዎቹ ደግሞ ዓይን ነበሩ። እነሱ እያሉ ማን መጥረቢያ ይዞ ይገባ ነበር?»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አልጠየቅከንማ! የተማረ ሰው ነው፣ አንድ ነገር ቢያውቅ ነው አልን።»

ፋቲሃው እንደገና ተቀራ፤ ደረቁ እንጨት ከቃሉ ወጣ። ሽማግሌዎቹ የእኔን ነገር ሲጠይቋቸው ሸኹ ወደ ጓሮው አመለከቱ፤ «አውፍ በይኝ የሚለው እሷን ነው» አሉ።

ሄጄ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም «አውፍ ብያለሁ» አለች። «ገመዴን መልስልኝ።»

እየሮጥኩ ቢሮ ሄጄ ከግድግዳው አወረድኩት።

ከዚያ ወዲያ አንዱን ቀፎ ወስዳ ቀለሙን በማጭድ ፋቀች፣ እበት ቀባች፣ በወይራ አጠነችና ራሷ በመረጠችው ዛፍ ላይ ሰቀለችው። በሚቀጥለው አበባ ንብ ገባ። የተቀሩትን ቀፎዎች ስንፍቅ ያየኝ ሁሉ «ዘመናዊ ነው?» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። አንዱን ሳልፍቅ ለራሴ አስቀረሁት፤ የቤቴ ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች።

ግን ንቡ ሳይገባ በፊት፣ ገመዷን በመለስኩላት ማግስት፣ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሸክሟን ደፉ ላይ አውርዳ ቆማለች። ለአራሷ ነው አለች። እጄን ኪሴ ስከት ተቆጣችኝ። ከዚያ ከሸክሙ አንድ እንጨት መዘዘች፣ ወደ ጆሮዬ አስጠግታ ቀጭ አድርጋ ሰበረችው።

«ሰማህ? ደረቅ ነው» አለችኝና ሄደች።